ለጸሎት የተጠየቀ ስም

አዲስ አበባ
ጥቅምት 12 ቀን 1995 ዓ.ም.

ለተከበሩ አክስቴ ለመምህርት ፋንታነሽ ገላው፣ ቢቸና

እትዬ፣ ጤናዎ እንዴት ነው? ያ የሚያስቸግርዎት ጉልበት ክረምቱን እንዴት አለፈው? እኔ በአምላክ ቸርነትና በእርስዎ ምርቃት ደህና ነኝ። የተያየነው በአባቴ ተዝካር ነው፤ ሁለት ዓመት ሞላው። ይህን ያህል ጊዜ ደብዳቤ ሳልጽፍልዎት መክረሜ ያሳፍረኛል፤ አሁንም የጻፍኩት ጉዳይ ስላለኝ ነው። ቀድሜ ልናዘዝ፣ አለበለዚያ ሁለተኛው መስመር ላይ ይደርሱብኛል።

እሑድ ከሰዓት በቴሌቪዥን የሚታየውን «የኋላ ወንበር» የሚባል ድራማ አይተውት ይሆናል። ስለ ሁለተኛ ደረጃ ተማሪዎች ነው። ከሐምሌ ጀምሮ ከሚጽፉት ሦስት ሰዎች አንዷ እኔ ነኝ። ለዘመድ ያልተናገርኩት ያቆዩኝ አያቆዩኝ እንደሆነ ስላላወቅኩ ነው። ባለፈው ሳምንት አዘጋጃችን አቶ ወንደሰን ሰብስበውን ከክፍለ ሀገር የመጡ የተመልካች ደብዳቤዎች አነበቡልን። አንዱ «የእነዚህ ልጆች ችግር ምንድን ነው? ጫማ መምረጥ ነው?» ይላል። ሁሉም ሳቁ። እኔ ኩም አልኩ፤ የጫማውን ክፍል የጻፍኩት እኔ ነበርኩ። አቶ ወንደሰንም «አንቺ የጎጃም ልጅ አይደለሽም እንዴ? ምነው የአገርሽን ልጆች አታውቂያቸውም?» አሉኝ። እውነታቸውን ነው። ከስምንተኛ ክፍል ወዲህ ቢቸናን የማውቃት በአውቶቡስ መስኮት ነው።

ውሌ በመጋቢት ያልቃል። እስከዚያ ሰው የሚያስታውሰው አንድ ታሪክ ካልጻፍኩ አያድሱልኝም። እርስዎ ሃያ ስምንት ዓመት አስተምረዋል። ተማሪዎችዎን የሚያስጨንቃቸው ምንድን ነው? ማን ያቋርጣል? ለምን? እንደመጣልዎት ይጻፉልኝ፤ እኔ አስተካክለዋለሁ።

እግዚአብሔር ዕድሜ ይስጥልኝ።
ልጅዎ ትህትና የሻው


ቢቸና
ኅዳር 6 ቀን 1995 ዓ.ም.

ለልጄ ለትህትና

ሰላምታዬ ካለሽበት ይድረስሽ። ጉልበቴ እንደ ባለቤቱ ነው፣ ሲፈልግ ብቻ ይታዘዛል። የወንድሜ ልጅ ቴሌቪዥን ላይ ትጽፋለች ብሎ ለሰው መናገር ደስ ይላል፤ እስካሁን ለዐሥር ሰው ተናግሬያለሁ።

ድራማሽን አይቻለሁ። ከማዘጋጃ ቤቱ ፊት ለፊት በብረት ሳጥን የተቆለፈ ቴሌቪዥን አለ። እሑድ እሑድ ዘበኛው ቁልፉ ካልጠፋበት ይከፍተውና ተማሪው ሁሉ መሬት ላይ ተቀምጦ ያያል። አንቺ መሆንሽን ስላላወቅኩ ጮክ ብዬ ነው የተሳደብኩት። ያ የሒሳብ አስተማሪ የምትሉት ሰውዬ ሰሌዳውን ሞልቶ ሲጽፍ ውሎ ኮቱ ላይ የጠመኔ ብናኝ የለም። ተማሪዎቹን ቆጠርኳቸው፣ ሃያ ሁለት ናቸው። እኔ የማስተምረው ሰማንያ አራት ነው፤ መጨረሻ የተቀመጡት ድምፄን እንጂ ጽሑፌን አያዩም።

የእኛ ልጆች ለአራት ለአምስት ሆነው አንድ ክፍል ይከራያሉ። ዓርብ ከሰዓት ወደየገጠራቸው ይሄዱና እሑድ የሳምንት ስንቃቸውን ተሸክመው ይመለሳሉ። እንጀራው ሐሙስ ላይ ይሻግታል። ስለዚህ ሐሙስ ከሰዓት አዲስ ትምህርት አልጀምርም፤ ምክንያቱን ለርዕሰ መምህሩም ነግሬው አላውቅ። ይህን ከፈለግሽ ጻፊው።

አንዲት ልጅ ግን አለች፣ ዓርብ ሁሉም ሲበተን የማትሄድ። ስንቅ የሚልክላትም የለም፤ ጎረቤቴ ቤት እየሠራች ትማራለች። አሥረኛ ክፍል ናት፣ ከሰማንያ አራቱም አንደኛ ናት። በሰኔ ብሔራዊ ፈተና ትወስዳለች። ለምን እንደማትሄድ አውቃለሁ፤ ነገሩ ግን የእሷ ነው፣ የእኔ አይደለም።

አንድ ነገር ላስቸግርሽ። አዲስ አበባ የአሥረኛ ክፍል የቆዩ የፈተና ጥያቄዎች ይሸጣሉ አሉ። ለዚች ልጅ ላኪልኝ።

ያሰብሽውን ይሙላልሽ።
አክስትሽ ፋንታነሽ ገላው


አዲስ አበባ
ታኅሣሥ 4 ቀን 1995 ዓ.ም.

ለውድ አክስቴ

እትዬ፣ በጣም ናፍቀውኛል። የፈተና ጥያቄዎቹን ከዚህ ደብዳቤ ጋር ልኬያለሁ፤ የሒሳብ፣ የፊዚክስና የእንግሊዝኛ ናቸው፣ የሌላውን እያፈላለግኩ ነው።

የሐሙሱን እንጀራ ጻፍኩት። አቶ ወንደሰን አንብበው «እንግዲህ መጣሽ» አሉኝ። እኔን ግን እንቅልፍ የነሳችኝ ያቺ ዓርብ የማትሄደው ልጅ ናት። ለእሳቸውም ይህንኑ ብቻ ነገርኳቸው፤ አንዲት ልጅ አለች፣ ሁሉም ወደ ቤቱ ሲሄድ እሷ ትቀራለች አልኳቸው። እስክሪብቷቸውን አስቀመጡና «ለምን?» አሉኝ።

እባክዎን እትዬ። ስሟን እለውጣለሁ፣ አገሯንም እለውጣለሁ። እናቷ እንኳ ብታይ አታውቃትም፤ በማርያም።

ልጅዎ ትህትና


ቢቸና
ጥር 15 ቀን 1995 ዓ.ም.

ለልጄ ለትህትና

እንዴት ከረምሽ? የጥምቀት በዓል እንዴት አለፈ? የዘገየሁት የሰማንያ አራት ልጅ ፈተና ሳርም ነው፤ ትንሽም ልጽፍልሽ አልጽፍልሽ እያልኩ ነው።

ወረቀቶቹ ደርሰዋል። ልጅቷ በሁለት ቅዳሜ ጨረሰቻቸው። ወረቀቱ ላይ ከታተሙት መልሶች ሁለቱ ስሕተት ናቸው ብላ አመጣችልኝ። ሠራሁት፣ እውነቷን ነው። ከዚያ በኋላ ዝም ልል አልቻልኩም። እንዲህ ያለች ልጅ ኖራ ለማንም አለመናገር ሆድ ይነፋል።

ሰው የሚያውቃት ሐና ብሎ ነው። አገሯ ሞጣ አጠገብ ነው፤ እናት አባቷ ውበቴ ይሏታል። በዐሥራ አራት ዓመቷ ሞጣ ላለ ሰማው ለሚባል እህል ነጋዴ ዳሯት። አምስት ወር ኖራ ጠፋች። በጤፍ መኪና ተጭና ቢቸና ገባችና ጎረቤቴ ቤት ሠራተኛ ሆነች። እኔ ያወቅኳት የጎረቤቴን ልጅ ሒሳብ ሳስጠና ነው። ልጁ መልሱ ሲጠፋበት መልሱ ከጓዳ መጣ። ሄጄ አየኋት፣ ሽንኩርት እየላጠች ነበር።

ሰዎቿ በየገበያው ሲፈልጓት የኖሩት ውበቴ ብለው ነው። እሷ ግን ትምህርት ቤት የገባችው በክርስትና ስሟ ነው። ወለተ ሐና ናት፣ ሐና ተብላ ተመዘገበች፤ የአባቷንም ስም በአያቷ ስም ተካችው። የክርስትና ስም ቤተ ክርስቲያን የሚቀር ነገር መሆኑን ታውቂያለሽ፤ ባልም አይጠይቀው፣ ጎረቤትም አይሰማው። መዝገብ ቤት ስትገባ ጣሪያ ጣሪያ ሳታይ ጸሐፊውን ዓይን ዓይኑን እያየች ተናገረች። ሦስት ዓመት ሙሉ አጠገቧ ሲያልፉ ኖሩ። ብልሃቷን አየሽልኝ? ውሸት እንኳ አልዋሸችም፣ ስሟ ነው።

እሺ፣ ከጻፍሽውም ስሟን ቀይሪ፣ አገሯን ቀይሪ፣ ባሏንም እህል ነጋዴ አታድርጊው። ይህን ለሌላ ሰው ነግሬ አላውቅም።

አምላክ ይጠብቅሽ።
አክስትሽ ፋንታነሽ


አዲስ አበባ
የካቲት 12 ቀን 1995 ዓ.ም.

እትዬ፣ እትዬ

ሰላምታ ጽፌ እስክጨርስ አላስችል አለኝ። የዚያችን ልጅ ክፍል ጨረስኩት። አቶ ወንደሰን አንብበው ሲጨርሱ «እንዲህ ነው መጻፍ» አሉ። እንዲህ ብለው አያውቁም፣ ለማንም።

ልጅቱን የወሎ ልጅ አደረግኳት፤ ባሏ ሥጋ ቤት ያለው ሰው ነው። ከእሱ ጠፍታ በክርስትና ስሟ፣ ከወለተ ኪዳን «ኪዳን» ብላ ትመዘገባለች። አንዲት አስተማሪ አለቻት፣ ቆጣ ቆጣ የምትል፣ ጉልበቷን የሚያማት። እሷን ሲያዩ እንዳይቀየሙኝ። የሚታየው እሑድ መጋቢት 21 ነው። በማግሥቱ ስለ ውሌ ይወሰናል፤ ለሁለት ዓመት ሊያድሱልኝ አስበዋል አሉ። አባቴ ቢኖር ኖሮ ይህን ያይልኝ ነበር፤ እርስዎ ይዩልኝ።

ልጅዎ ትህትና


ቢቸና
የካቲት 27 ቀን 1995 ዓ.ም.

ለትህትና

ሰላምታውን ለሌላ ቀን አቆይልሻለሁ። ደብዳቤሽን መምህራን ማረፊያ ተቀምጬ ሳነበው ደስ አለኝ። ለሰዎቹም አነበብኩላቸው፣ የጉልበቱን ነገር። ቤቴ ስደርስ ግን እንደገና አነበብኩት።

ልጄ፣ አንቺ የቀየርሽው ልብሷን ነው። ሚስቱ የጠፋችበት የሞጣ ሰው ያንን ቢያይ ወሎዬ ነች አይልም። የጠፋች ሚስት በክርስትና ስሟ ትምህርት ቤት እንደምትደበቅ ነው የሚማረው። የት እንደሚፈልግ አሳየሽው ማለት ነው። ስሟን ቀይሪ ያልኩሽ እኔ ነኝ፤ ጥፋቱ የእኔ ነው። የሃምሳ ሁለት ዓመት ሴት ሆኜ ይህን አለማሰቤ ይገርመኛል።

በሌላ መንገድ ትደበቅ። ሰው ቤት ትደበቅ፣ ገዳም ትግባ፣ እንዳሻሽ አድርጊያት። የክርስትና ስሙን ብቻ አውጪው። የምለምንሽ እስከ ሰኔ ነው። በሰኔ ፈተናውን በሐና ስም ከወሰደች የምስክር ወረቀቷ በዚያው ስም ይወጣል፤ በክረምቱ ዐሥራ ስምንት ይሞላታል፤ ደብረ ማርቆስ መሰናዶ ትገባለች። ከዚያ ወዲያ የፈለግሽውን ጻፊ።

ፖስታ ቤቱን ስላላመንኩት ለአውቶቡስ ሾፌሩ ለባንተአምላክ ሰጥቼዋለሁ። በእጅሽ እንዲያደርስ አደራ ብዬዋለሁ።

ፋንታነሽ


አዲስ አበባ
መጋቢት 25 ቀን 1995 ዓ.ም.

ለተከበሩ አክስቴ

ለጤናዎ እንደምን አሉ? እኔ ደህና ነኝ። ደብዳቤዎ የደረሰኝ ክፍሉ ከታየ በኋላ ነው። አዘንኩ፣ ግን ምንም ላደርግ አልችልም ነበር። ደግሞ እንዲህ ብለው ያስቡት፤ በዚያ አገር ስንት ሰው ቴሌቪዥን ያያል? ያየስ ቢሆን ድራማ ነው ብሎ ያልፋል እንጂ።

እዚህ ስልኩ አላቆም ብሎ ነበር የዋለው። ሴቶች እያለቀሱ ደወሉ። ውሌም ታደሰ። ለሐና የጂኦሜትሪ ሳጥን ገዝቼ በፖስታ ልኬያለሁ፤ ከእርስዎ ነው ይበሏት።

መልካም ጾም ያድርግልዎ።
ትህትና


ቢቸና
ሚያዝያ 30 ቀን 1995 ዓ.ም.

ለትህትና

እንዴት ከርመሻል? ታምሜ አይደለም የዘገየሁት። የምጽፈውን ስላልፈለግኩት ነው።

መጋቢት 21 ተማሪው ሁሉ ከማዘጋጃ ቤቱ ፊት ነበር። ሐናም ነበረች፤ እኔ ከኋላዋ ቆሜያለሁ። ልጅቱ መዝገብ ቤት ገብታ ስሟን ስትናገር ሐና ነጠላዋን ወደ አፏ ሳበችው። ዞራ አላየችኝም። በማግሥቱ እንደ ወትሮዋ ፊተኛው ወንበር ላይ ተቀመጠች፤ ሒሳቧን ሠራች። እኔም ያላየሁ መስዬ አስተማርኩ።

ከዚህ በታች የምነግርሽን የሰማሁት በኋላ ከአባቷ ጋር ከመጡት ሽማግሌዎች አፍ ነው። ሞጣ ላይ ያን እሑድ ሰማው ከነጋዴ ጓደኞቹ ጋር ሆቴል ተቀምጦ ነበር። «ሰማው፣ ሚስትህ ይቺውልህ፣ ተማሪ ሆናለች» ብለው ሳቁበት። እሱ አልሳቀም። ማክሰኞ ወደ ልጅቷ እናት ቤት ሄደ። «እናቴ፣ ሦስት ዓመት ፈለግኳት፣ አጣኋት። ከእንግዲህ ጸሎት ላስይዝላት ብዬ ነው፤ አባ አካለ ወልድ በቅዳሴ የሚያስቧት ስመ ክርስትናዋን ካመጣህ ነው ብለውኛል» አላት። እናቲቱ አለቀሰች። ልጄ የሚያስባት ሰው አላት ብላ መረቀችው። ወለተ ሐና ናት አለችው።

ሰውየው በደብረ ወርቅም በቢቸናም እህል የሚቀበሉት ደንበኞች አሉት። በሁለት ሳምንት ውስጥ አገኟት።

የሕማማት ሰኞ አባቷ ከሁለት ሽማግሌዎች ጋር ግቢያችን ገባ። በሕማማት መሳሳም የለምና ሦስት ዓመት ያላያትን ልጁን ሳይስማት ፊት ለፊቷ ቆመ፤ ዘንጉን ካንዱ እጁ ወደ ሌላው ያዛውራል። ሽማግሌዎቹ «ልንወስዳት አልመጣንም። ፋሲካን ከእናቷ ጋር ትዋልና ለዳግማይ ትንሣኤ ትመለሳለች። ፈተናዋን ማን ይከለክላታል?» አሉ። በማርያም ማሉ። ርዕሰ መምህሩ ወደ እኔ ዞሮ «እርስዎ ምን ይላሉ?» አለኝ።

አይሆንም ማለት እችል ነበር። ሴቶች ጉዳይ ቢሮ ከትምህርት ቤቱ የአምስት ደቂቃ መንገድ ነው፤ ሕጉንም አውቀዋለሁ። ግን ያልነገርኩሽ ነገር አለ። ሐና ስምንተኛ ክፍል ስትመዘገብ «መሸኛዋ ተቃጥሏል፣ የባለቤቴ የእህት ልጅ ናት» ብዬ የፈረምኩት እኔ ነኝ። በክርስትና ስምሽ ግቢ ያልኳትም እኔ ነኝ። ብልሃቷን አየሽልኝ ብዬ የጻፍኩልሽ በራሴ ብልሃት ልኮራብሽ ነው። እዚያ ቢሮ ከሄድኩ ያ መዝገብ ይወጣል። ለጡረታ ሦስት ዓመት ነው የቀረኝ። ፈራሁ። ስለዚህ «ሂጂ፣ እናትሽን አይተሽ ነይ» አልኳት። ደብተሮቿን ጠረጴዛዬ ላይ አስቀምጣ ወጣች። ያኔ ነው የገባኝ፤ የሚመለስ ሰው ደብተሩን ይዞ ነበር የሚሄደው።

ዳግማይ ትንሣኤ አለፈ። አልመጣችም። ፈተናው ሰኔ 2 ነው። የላክሽው የጂኦሜትሪ ሳጥን እሷ ከሄደች በኋላ ደረሰ።

ትናንት ባንተአምላክ መንገድ ላይ አግኝቶኝ፣ ሳልጠይቀው፣ ያቺን ደብዳቤ የካቲት 30 ቀን በእጅሽ እንደሰጠሽና ሻይ እንደጋበዝሽው ነገረኝ። የአደራ ሰው መሆኑን ሊያሳውቀኝ ነው። አንቺ ክፍሉ ከታየ በኋላ ደረሰኝ ብለሽኛል። እሱ ተሳስቶ ይሆናል። ሌላ ነገር አትጻፊልኝ። ቀኑን ብቻ ጻፊልኝ።

ፋንታነሽ


አዲስ አበባ
ግንቦት 15 ቀን 1995 ዓ.ም.

እትዬ

የካቲት 30 ነው።

ሻይ ቤቱ በር ላይ ቆሜ ሁለት ጊዜ አነበብኩት። ያኔ ገና አልተቀረጸም ነበር፤ ቀረጻው መጋቢት 8 ነው። ለአቶ ወንደሰን አንድ ቃል ብነግራቸው ይቀይሩት ነበር፤ ክፉ ሰው አይደሉም። ያልነገርኳቸው ከቀየሩት ታሪኩ ተራ ይሆናል ብዬ ነው። ሰው ያስለቀሰው እኮ የክርስትና ስሙ ነው፤ ሳነበው አውቄው ነበር። ደብዳቤዎን ቦርሳዬ ውስጥ አድርጌ ሦስት ሳምንት ተሸክሜው ዞርኩ። ሞጣ ሩቅ ነው፣ ማን ያያል፣ እያልኩ ራሴን ሳሳምን ሰነበትኩ። ለእርስዎ የጻፍኩትም ራሴን ያሳመንኩበትን ነው።

ይቅር ይበሉኝ ለማለት አፍ የለኝም። ባለፈው ሰኞ ለአቶ ወንደሰን ሁሉንም ነገርኳቸው። ከዚያ «ልጅቷ የምትያዝበትን ክፍል ጻፊው፣ እውነቱ ይታይ» አሉኝ። አልጽፍም ብዬ ወጣሁ። ከዚያ ወዲህ ቢሮ አልሄድኩም። ተቀርጾ ያለቀው ግን አለ። በእሱ ላይ ኪዳን ፈተናውን ታልፋለች። ሰኔ 15 ይታያል፤ ላስቀረው አልቻልኩም።

ምን ላድርግ? ሞጣ ልሂድ? ይዘዙኝ።

ትህትና


ቢቸና
ሰኔ 25 ቀን 1995 ዓ.ም.

ለወንድሜ ልጅ ለትህትና

ደብዳቤሽ ሲደርሰኝ በጣም ተናደድኩብሽ። ቀድጄ ልጥለው ነበር። ይህን ስጽፍልሽም ንዴቴ አልወጣልኝም፤ እንድታውቂው ብዬ ነው። ግን አንቺ ውልሽን ስታስቢ እኔ ጡረታዬን ሳስብ ልጅቷ በመሀላችን ሄደች፤ ስለዚህ አንቺን ብቻ መርገም አልቻልኩም።

ግንቦት 25 ሴቶች ጉዳይ ቢሮ ሄጄ ፊርማዬን ተናገርኩ። ወደ ሞጣ ደብዳቤ ጻፉ። የእኔም ጉዳይ ዲሲፕሊን ኮሚቴ ቀርቧል፤ ክረምቱን ይወስኑ ይሆናል። አሁን ሳየው ያን ያህል አያስፈራም። አንድ ወር ብቀድም ኖሮ እያልኩ ነው የምውለው። ሰኔ 2 ጠዋት የፈተናው ክፍል በር ላይ ቆሜ ነበር። ስም ጠሪው ሐና ብሎ ሁለት ጊዜ ተጣራ። የመለሰ የለም። ቀሪ ብሎ ጻፈ።

ሰኔ 20 በአውቶቡስ ሞጣ ሄድኩ። በነጋታው ማርያም ነበረች፤ እስከ እናት አባቷ አጥቢያ በእግሬ ወጣሁ። ቅዳሴ ወጥቶ ሰዉ ግቢው ውስጥ ቆሟል። ሰማውን አሳዩኝ። ቀጭን፣ ዝምተኛ ሰው ነው፤ የሐናን ጫማ ይዞላት ቆሟል። እንድጠላው የሚያደርግ መልክ ስላጣሁበት ጭምር ተናደድኩ።

እሷን ዛፍ ሥር አገኘኋት። ሐና ልላት ስል ቀድማኝ «ቲቸር፣ እዚህ ውበቴ ነኝ» አለችኝ ቀስ ብላ። ፊርማዬን ማስመዝገቤን፣ ቢሮው መጻፉን ነገርኳት። አንገቷን ነቀነቀች። ከዚያ ለአንቺ የነገርኩሽ እኔ መሆኔን ልነግራት አፌን ስከፍት «አውቄያለሁ» አለችኝ።

«ያን እሑድ ነው ያወቅኩት። አስተማሪዋ ‹ጣሪያ ጣሪያ አትዪ፣ ጸሐፊውን ዓይን ዓይኑን እዪው› አለቻት። ይህን ያሉኝ እርስዎ ብቻ ነዎት።»

«ታዲያ ለምን አልጠየቅሽኝም?»

«ብጠይቅዎት ያፍራሉ። ካፈሩ ደግሞ እንደ በፊቱ አያስጠኑኝም። ፈተናው ሁለት ወር ነበር የቀረው።»

ለከርሞስ ስላት ሞጣ የማታ ትምህርት አለ አለችኝ። ይፈቅድልሻል ወይ አልኳት። እሱ ወደቆመበት አየች። ሲቆይ «አንድ ነገር ብቻ ልለምንዎት» አለች። «ለእናቴ እንዳይነግሯት። እሷ ጸሎቱ ነው ያመጣሽ ትላለች። ስሟን ለጸሎት በሰጠሁ በሁለት ሳምንት ልጄ ተገኘች ብላ ለአገሩ ሁሉ አውርታለች። ለማርያም ጃንጥላ ተስላ ነበር፤ ዛሬ አስገባች። የሰጠችው ስም ለምን እንደዋለ ብታውቅ እናቴን አላገኛትም።»

እሷ ይህን ስትለኝ እናቲቱ ደረሰች። አጭር፣ ፈጣን ሴት ናት፤ ፊቷ በርቷል። አስተማሪዋ መሆኔን ስትሰማ ተንበርክካ ጉልበቴን ሳመች፤ ላነሳት ብል አልነሳ አለችኝ። «ሦስት ዓመት ልጄን የጠበቁልኝ እርስዎ ነዎት አሉ» አለችኝ። «እኔ የምከፍልዎት ነገር የለኝም። ስመ ክርስትናዎን ይንገሩኝና አባ አካለ ወልድ በቅዳሴ ያስቡዎት። ለልጄ ሰምቶኛል፣ ለእርስዎም ይሰማኛል።»

ውበቴ ከእናቷ ኋላ ቆማ ታየኛለች።

ነገርኳት።

«ሌላስ የሚታሰብ ሰው አለዎት?» አለችኝ።

የአንቺንም ነገርኳት።

አክስትሽ ፋንታነሽ